ቀድሞ የተበላ ተዝካር

አባቴ ተዝካራቸውን በቁማቸው ሊያወጡ እንደሆነ የነገሩን በቆሎ ስንፈለፍል ነው። እኔና ወንድሜ ቴዎፍሎስ ደጃፍ ላይ በተዘረጋው ሸራ ዳር ተቀምጠናል። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ እጃቸው ሥራውን ሳይተው፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት።

“ጥር ሳይወጣ ቦራውን አርዳለሁ። ካሰች፣ ጠላውን ካሁኑ አስቢበት። ከሞትሁ በኋላ የሚበላው ዓይኔ እያየ ይበላ።”

ቦራው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀንበር ሳይነካው የሰባ በሬያችን ነበር። ቴዎፍሎስ የያዘውን የበቆሎ ራስ ሸራው ላይ ወረወረው።

“ቦራው የኔ ትምህርት አይደለም እንዴ?”

“ማን አለህ?”

“ማን ይበለኝ! አባቴ አይደሉም እንዴ? የማን አባት ነው ልጁን አስራ ሁለተኛ አስፈትኖ በቆሎ የሚያስፈለፍል?”

“በበቆሎ ያደገ በቆሎ ቢፈለፍል ነውር አለው?” አሉ አባቴ። ሊያስቁት ነበር። አልሳቀም።

“ለቄስና ለጎረቤት ሆድ በሬ ያርዳሉ። ለልጅዎ ሲሆን…”

“ተው እንግዲህ” አሉት። “አንተ እኔ ከሞትሁ በኋላ ትማራለህ።”

በቁጣ ቢሉት ኖሮ ይሻል ነበር። የተቆረጠ ነገር እንደሚነግር ሰው ዝግ ብለው ነው ያሉት፤ ብለውም ፍልፈላቸውን ቀጠሉ።

በእኛ አገር የቁም ተዝካር አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጁን የማያምን ሽማግሌ፣ ከሞተ በኋላ ለነፍሱ የሚደገሰውን በሕይወቱ ሳለ ይደግሳል። ካህናት ይጸልያሉ፣ ጎረቤት ይበላል፣ ድሃ ይጠግባል። ብቻ ሰው በልቶ ሲወጣ ደጋሹን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ጓዙን አስጭኖ በር ላይ የቆመ መንገደኛ ይመስለዋል። ሴቶችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሞቱን ጠራው” ይላሉ።

አባቴ ግን ልጅ አልጎደላቸውም። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ እኔ ትዳሬ ፈርሶ ከጅጋ ከተመለስሁ ጀምሮ ቤቱን ይዣለሁ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቴዎፍሎስ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ትማራለህ እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። እርሻ ሲበረታ እንኳን “እሱ ያጥና” ይባልለት ነበር። ስምንተኛን ሲያልፍ አባቴ ቡሬ ወስደው ቤት ሲከራዩለት፣ “አንተ ቁጭ ብለህ ተማር፤ የቀረው የኔ ነው” ሲሉት እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እንደ አብዛኛው የዚያ ዓመት ተፈታኝ የማለፊያ ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር፣ ቤት ሲገባ አንገቱን አልደፋም። ባሕር ዳር የግል ኮሌጅ አለ፤ ፋርማሲ ያስተምራል፤ ከፋሲካ በኋላ አዲስ ተማሪ ይቀበላል። ክፍያው የአባት ነው። ጓደኞቹ በስልክ “ፋዘር እሺ አለ?” እያሉ ይጠይቁታል። የእነሱ ፋዘሮች እሺ ብለዋል። አንዱ ባሕር ዛፉን ቆርጦ ሸጧል፣ ሌላው መሬቱን ለዓመታት በኮንትራት ሰጥቷል።

“አንቺ ንገሪያቸው፣ እታለም” ይለኝ ነበር። “ቦራው ካልሆነ መሬቱን በኮንትራት ይስጡ።”

ነገርኋቸው። “በቁሜ የሌላ ሰው ማረሻ መሬቴ ላይ ሲውል አላይም” አሉ። “እኔም አንቺም የምንበላው ከዚያ ነው። በቁሜ አይሆንም።”

አባቴን ስኳር ይዟቸዋል። አንድ ጊዜ ራሳቸውን ስተው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ በየጠዋቱ መርፌ ይወጋሉ። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መድኃኒቱን የምናኖረው እርጥብ አሸዋ በሞላው እንስራ ውስጥ ነው። ቁርሳቸውን ሲጨርሱ የምወጋቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሁለት ነገር አጥብቆ ነግሮናል፦ አይጹሙ፤ ሳይበሉ አይወጉ። የንስሐ አባታችን ቄስ ሃይለ ሚካኤልም ሰምተው ከጾም ፈትተዋቸዋል።

ጥር ላይ ዳስ ተጣለ። ቦራው ታረደ። ቴዎፍሎስ ሲታረድ አላይም ብሎ ወንዝ ወርዶ ቆየና፣ ሰው ሲበዛ ተመልሶ ሰፌድ ይዞ እንጀራ ማደል ጀመረ። አባቴ በራሳቸው ተዝካር ላይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ጠላ ይቀዳሉ። ድንበርተኛችን አያ ጌታሁን ዋንጫውን ዘርግቶ፣

“ገደፋው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለ። “ይህን ሁሉ በልተንልህ ባትሞትስ? እንመልሳለን?”

“አንተ የበላኸው ከየት ይመለሳል!”

“እንግዲያ ጨምርልኝ። ለጠላ ብለህ በነፍስህ አትጨክን።”

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሳያልቅ በበሩ በኩል ዋይታ ገባ። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ የአባቴ እኅት ሲሳይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች መጣች። ደውሎ የጠራት ሰው “የገደፋው ተዝካር ነውና ነይ” ብቻ ብሏት ኖሯል።

“ወንድሜን! ወንድም ጋሻዬን! ሳልቀብርህ! አፈር ሳላለብስህ!”

ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጠፋው። አባቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ሄዱና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

“እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሲሳይ። ግቢ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ።”

ዋይታዋ ተቋረጠ። ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳሰሰች።

“አንት መዓተኛ!” አለች። “ከአስፋልቱ ጀምሮ ደረቴን ስደቃ! ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼልህ!”

“ተቀብያለሁ” አሉ አባቴ። “እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ።”

ሰው እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አልሳቅሁም። ተዝካሩ ተበላ፣ ልቅሶውም ተለቀሰ፤ ነገሩ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ወደ ኋላ የሚሄድ መሰለኝ።

ካህናቱ ጸሎቱን ሲያደርሱ አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

“ስሙኝ” አሉ። “አባቴ ሲሞቱ እኔ ተማሪ ነበርሁ። ለተዝካራቸው በሬው ተሸጠ፣ መሬቱ ተያዘ፣ እኔ ደብተሬን ጥዬ የሰው በሬ ጠመድሁ። እንዲያ ያደረገኝ ጠላት አይደለም፣ ዘመድ ነው። ‘የአባትህ ነፍስ ተራበች’ እያለ። ልጄን ማንም እንዲህ እንዳይለው ነው ዛሬ ያበላኋችሁ። ከእንግዲህ በስሜ ዳስ አይጣልም። ስሞት መሬቱ ለተዝካር አይያዝም። በኮንትራት ይሰጥና ቴዎፍሎስ ይማርበት፤ ካሰችም ከኪራዩ ትኑር። የንስሐ አባቴ፣ ይገዝቱልኝ።”

ቄስ ሃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን አጥብቀው ያዙ። “ገደፋው፣ ግዝት እኮ ጨዋታ አይደለም። ያሰርኸውን ነገ ብትፈልግ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።”

“ስለዚህ ነው የፈለግሁት።”

ቄሱ ተነሡ። ቃሉን ያፈረሰ፣ ያስፈረሰም፣ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሰው አሜን አለ። ቴዎፍሎስ ሰፌዱን እንደያዘ መጥቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አክስቴ እልል አለች። የዚያን ዕለት እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቴዎፍሎስ ከዚያ በኋላ ጥሩ ልጅ ሆነ። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አባቴ ሲነሡ ብድግ ብሎ ከዘራቸውን ያቀብላል። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያ ቃሉ “አባዬ እንዴት አደሩ?” ነው። እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው የሚጠይቅ። ደህና ናቸው ስለው “ተመስገን” ብሎ ስልኩን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ግን “ሲያቅለሸልሻቸው አደረ” አልሁት። አልወጣም። ቆሞ አየኝ።

“ምን ያህል?” አለ።

“ምን ያህል ማለት ምንድነው?”

“አይ… እንዲሁ ነው የጠየቅሁ።”

ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ክፋት አልለውም። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ፊት ነው። አባቴም ያንን ፊት ያውቁታል። የጠዋቱ ጥያቄ በግድግዳው በኩል ይሰማቸው ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ ነው። አንድ ሰሞን ይስሉ የነበረውን ሳል አፍነው መሳል ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ ማፈኑን ተዉት።

የካቲት ገደማ፣ ንብረት የሚባል፣ ከቡሬ እየተነሣ መሬት እየተኮናተረ በትራክተር በቆሎ የሚያመርት ሰው በሞተር ብስክሌት መጣ። ቴዎፍሎስ ነው የጠራው። ሁለቱ ማሳውን ዳር ዳሩን ሲዞሩ አባቴ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

“ያ ማነው?”

“የቴዎ እንግዳ መሰለኝ” አልሁ።

አባቴ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው ጥቂት አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። “ቴዎፍሎስ! ድንበሩ እስከ ግራሩ ድረስ ነው! ከግራሩ ወዲያ አታሳየው፣ የጌታሁን ነው!”

ንብረት ደነገጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኛ መጣ። “እንዴት ዋሉ አባቴ። እንዲያው ለማየት ያህል ነው።”

“እየው፣ እየው። መሬት ቢያዩት አያልቅም። መቼ ነው የምትፈልገው?”

ንብረት ቴዎፍሎስን አየ። ቴዎፍሎስ እግሩን አየ።

“በቆሎ እኮ ያው ይታወቃል፣ አባቴ” አለ ንብረት በመጨረሻ። “ዝናቡ ሳይገባ መሬቱ መገልበጥ አለበት።”

“እውነትህን ነው። ለዘንድሮ ከሆነማ ከፋሲካ ማለፍ የለበትም” አሉ አባቴ። ለእንግዳው ጠላ እንዳመጣ አዘዙኝ። ንብረት አልቀመስም ብሎ፣ ሞተሩን እስከ መንገዱ በእግሩ እየገፋ ሄደ።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ ቁርሳቸውንና መርፌውን ይዤ ስገባ አባቴ ፊታቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።

“ጾም ነው” አሉኝ።

“አንቱ እኮ ተፈትተዋል።”

“የፈቱኝ ቄሱ ናቸው። ያሰርሁት እኔ ነኝ።”

“እሺ መርፌውን።”

“ሐኪሙ ምን አለ? ሳይበሉ አይወጉ አላለም? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።”

አንዱ ትእዛዝ ሌላውን እንዲያፈርስ አድርገው አስተካክለውታል። ማታ ከጾም ሲወጡ ጥቂት ይቀምሳሉ፤ መርፌውን ይዤ ስጠጋ “ጠዋት ነው የታዘዘው፣ ጠዋት” ይላሉ። ጠዋት ሲሆን ጾም ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ከቅዳሴ በፊት አልቀምስም ብለው ጠዋቱን ያሳልፉታል። መድኃኒቱ እንስራው ውስጥ እንደሞላ ቀረ። ጾሙ ሲገፋ እሳቸው ቀለጡ። ጉንጫቸው ገባ። ማታ ማታ ውሃ ሲጠጡ ጣሳው ከአፋቸው አይወርድም፤ ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። መንደርተኛው ግን “ገደፋው በስተርጅና ጾመኛ ሆነ” ብሎ ያደንቃል። ጾምን ማን ይከለክላል?

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ ነገርሁ። እሳቸውም መጥተው አባቴን ተቆጡ።

“ጾም ለነፍስ ነው፣ ገደፋው። ሞትን ለመጥራት አይደለም።”

“እኔ ሞት ጠራሁ? አባቴ፣ እኔ ምን አልሁ? ጾምሁ አልሁ እንጂ።”

“ባዝዝህስ? ብላ ብልህስ?”

“እሺ እላለሁ” አሉ አባቴ። ቄሱ ቆመው እያዩ ቂጣ ቆርሰው በሉ፤ እኔም መርፌውን ወጋሁ። ቄሱ ባርከው ሄዱ። በማግሥቱ ጾም ነበር።

ከዚያ ቴዎፍሎስን ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥብ አገኘሁት። ነጭ ሸሚዙን ነው የሚያጥበው።

“ለመቼ ነው ሸሚዙ?” አልሁት።

“ምን ሆነሻል፣ እታለም?”

“እየጠበቅህ ነው?”

እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

“እኔ ይሙቱ አላልሁም።”

“አላልህም። ግን በየጠዋቱ ትጠይቀኛለህ። ግድግዳው ምን ያህል ነው? አይሰሙም?”

“ታዲያ ምን ላድርግ!” ብሎ ጮኸ። “እኔ ነኝ ስሞት ተማር ያልሁ? ሰው ሰብስቦ፣ ቄስ አቁሞ የተናገረው ማነው? እኔ በሬውን ነው የጠየቅሁ! ልጅ አባቱን ሌላ ምን ይጠይቃል? እሱን እምቢ አሉኝና በምትኩ ይህን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሳልፈልግ ቀኑን እቆጥራለሁ። ስተኛ እቆጥራለሁ። አንቺ ቀላል ይመስልሻል?”

ሸሚዙን ሳይጨምቅ ድንጋይ ላይ ጣለው። ሲያለቅስ ያኔ አየሁት። “መርፌውን ዛሬ ይወጋሉ” አለ። “ይዤም ቢሆን።”

ይዞ ሞከረ። ሁለታችን ያዝናቸው። አባቴ አልታገሉም። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ “ባዶ ሆድ ላይ ነው፤ ብትገድሉኝ እናንተ ናችሁ” አሉ። መርፌውን ወደ ኋላ ሳብሁ። ቴዎፍሎስ ክንዳቸውን ለቀቀ። ሐኪሙም ይህንኑ ነው ያለው፤ ውሸት የለበትም። ማታ ግን አንዳንድ ቀን፣ እሱ ሲለምናቸው፣ በልተው ተወግተዋል። ጥቂት ይሻላቸውና ቴዎፍሎስ ደስ ይለዋል። ደስታውን ሲያዩ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ፋሲካ እየቀረበ ነበር፤ ንብረትም አንድ ጊዜ ደውሏል።

ሆሣዕና መጣ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድሁ አሉ። ወንድሜ በብብታቸው ደግፎ ወሰዳቸው፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ተከተልሁ። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ፣ ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ፣ ፍትሐቱ በሆሣዕና ይደርሳል። በየዓመቱ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ማንም ለራሴ ነው ብሎ አይሰማውም። አንዱ ዘንባባ ይጎነጉናል፣ ሌላው ከጎኑ ካለው ጋር ይንሾካሾካል።

ቅዳሴው አልቆ ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጀምሩ በወንዶቹ በኩል አየሁ። አባቴ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ከዘራቸውን ለቴዎፍሎስ ሰጡት። ተነሡ። ጥምጣማቸውን አወለቁ፤ እንደ ሕፃን ራስ የሳሳ ራሳቸውን ደፍተው፣ ምንም ሳይደገፉ ቆሙ። ቴዎፍሎስ “አባዬ፣ ይቀመጡ” ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ነገረኝ። “ተወኝ፣ የኔ ነው” አሉት።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቴዎፍሎስ በሕዝቡ መካከል እግራቸው ላይ ወደቀ።

“አልማርም!” አለ። “ሰው ይስማኝ! ቄስ ሃይለ ሚካኤል ይስሙኝ፣ አልማርም! ኮሌጅ አልፈልግም! ይብሉና ይወጉ፣ አባዬ! አርሳለሁ፣ ከርስዎ ጋር አርሳለሁ!”

ሰው ከበበን። አባቴ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት።

“ተነሥ” አሉት። “ልብስህን አፈር አታስነካው። ተማሪ ነህ።”

ሰኞ ጠዋት ስጠራቸው አልመለሱም። ይተነፍሳሉ፤ ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ነው። በዚያ ሰሞን በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘግቶ መኪናም ባጃጅም አይሄድም ነበር። አያ ጌታሁንና የሠፈሩ ወንዶች ቃሬዛ አሰሩ። ቴዎፍሎስ የፊቱን እጀታ ይዞ ለማንም አልቀይርም አለ። ሌሎቹ ይቀያየራሉ፣ እሱ አይቀየርም። “ትንሽ ነው አባዬ፣ ቡሬ ታየች፣ ትንሽ ነው” እያለ ይሮጣል። ቡሬ አልታየችም ነበር። ከኋላ የያዘው አያ ጌታሁን ነው ያወቀው። “አውርዱት” አለ። ቴዎፍሎስ አልሰማም፤ ሦስቱ ቆመው እሱ ብቻ ይጎትት ነበር።

በሕማማት ደወል አይደወልም፣ ካህን አይጮህም። አባቴን ጸጥ ባለ መቃብር ቀበርናቸው። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ራስጌው ላይ ቆመው “ሆሣዕና ዕለት ደርሶለታል” አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በፋሲካ ማግሥት ቴዎፍሎስ የአያ ጌታሁንን በሬ ለምኖ፣ ከእኛው ዳልቻ በሬ ጋር ጠምዶ ማሳ ገባ። ማረስ አይችልበትም። ትልሙ ይጣመማል፣ ማረሻው ይወጣል፣ መልሶ ይተክላል። ንብረት በሰዓቱ መጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለና ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜ ላቡን ሳይጠርግ መጣ።

“አባቴን በልቼ አልማርም” አላቸው። “ግዝቱን ይፍቱልኝ።”

“እኔ አልፈታውም” አሉ ቄስ ሃይለ ሚካኤል። ድምፃቸው ተሰበረ። “ያሳሰረው ሰው ነው ይፍቱልኝ ብሎ መምጣት ያለበት። ነግሬው ነበር።”

አክስቴ ሲሳይነሽ ከቋሪት መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። “ልጄ” አለችው። “አትሂድ እንል ነበር። ግን ካልሄድህ፣ ወንድሜ ለምን ሞተ? እሱን ንገረንና ቅር።”

ቴዎፍሎስ ብድግ አለ። ወደ ማሳው ተመልሶ በሬዎቹን ፈታ። ቀንበሩን መሬት ላይ እንዳለ ተወው። ንብረት የኮንትራቱን ገንዘብ ለሽማግሌዎቹ አስረከበ፤ ወንድሜ እጁን አልዘረጋምና ተቀብዬ ኪሱ ውስጥ የከተትሁለት እኔ ነኝ።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ሸኘነው። እኔ፣ አያ ጌታሁን፣ የጌታሁን ልጅ መሰረት። መሰረት ዘንድሮ አስራ ሁለተኛን የምትፈተን ብርቱ ልጅ ናት። ወንድሜ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እስከ አስፋልቱ ድረስ ከፊታችን ሄደ። መኪናው ሲቆም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አነሣሁት። አያ ጌታሁን “በርታ፣ ዶክተር” አለው፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ቴዎፍሎስ ገብቶ በወዲያኛው ወገን፣ እኛን በማያይበት በኩል ተቀመጠ።

ስንመለስ የትራክተሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። በማሳችን ላይ ነው። እያንዳንዳችን እንዳልሰማን ሆነን እንሄዳለን። አያ ጌታሁን ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ማዳበሪያ አወራ። መሰረት ከአባቷ ጎን ትሄዳለች፤ ጥቂት አሰበችና፣ በፍጹም ያለ ክፋት፣ የምዝገባ ቀን እንደሚጠይቅ ሰው፣

“አባዬ” አለች። “አንቱስ ተዝካርዎን መቼ ነው የሚያወጡት?”

አያ ጌታሁን ሳቀ። ሳቁ አልቆ የሚመልሰውን ቀልድ ፈለገ። መሰረት መልሱን እየጠበቀች ከጎኑ ትራመድ ነበር።